በር ላይ ስለተያዙት የተቀቀሉ እንቁላሎች

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የደምዎ ፕሮቲንም ሙሉ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በሆስፒታልዎ ከማስለካት መመኘት ይቀላልና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ሆዱ ላይ በተተከለለት ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ እያስገባንና እያስወጣን እቤታችን ደሙን እናጥብለታለን። ቆሻሻው ሲወጣ ፕሮቲንም አብሮ እንደሚታጠብ፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን የወረደበት ታማሚም ለሆድ ኢንፌክሽን ይበልጥ እንደሚጋለጥ ሐኪሙ ነግረውናል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. አልቡሚኑ እንዲለካ በታዘዘ ቁጥር ላቦራቶሪዎ «ኬሚካል አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ብቅ በሉ» እያለ ስላመላለሰን እናመሰግናለን። በዚሁ መሀል አንድ ማለዳ ከሆዱ የወጣው ፈሳሽ ደፍርሶ አየሁ፤ እሱም ሆዱን ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተኝቶ እንዲታከም ሲወሰን ኬሚካሉም ተገኘ፤ አልቡሚኑ ግን ክፉኛ ወርዶ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ጀመሩለት፣ እንቁላል እንዲበላ አዘዙ፣ ፈሳሹ ካልጠራም ቱቦው እንደሚነቀልና የቤት እጥበቱ እንደሚቀር አስጠነቀቁን። ያን ቀን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

፪ኛ. የወጥ ቤትዎ ሾርባ ከሳህኑ ግርጌ የታተመውን የሆስፒታሉን ስም ያስነብባል፤ ባለቤቴ ያለ መነጽር አንብቦታል። የሆዱ ፈሳሽ እስኪጠራ በጭንቀት ስንጠባበቅ፣ ቢያንስ አንድ የጠራ ነገር ስላቀረቡልን ባለውለታዎ ነን።

፫ኛ. የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ስመጣ የበሩ ጥበቃ በትሕትና ነጠቀኝ።

«ከውጭ ምግብ አይገባም እናቴ፤ ኢንፌክሽን እንዳይገባ ነው።»

«ልጄ፣ እሱማ ቀድሞኝ ገብቷል» አልኩት።

አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ እንቁላሎቹ በጡት መያዣዬ ውስጥ ሆነው ገብተዋል፤ ፍተሻዎ ጨዋ በመሆኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንዲት ነርስ ቅርፊቱን አይታ፣ በኪሷ ደብቃ ይዛልን ወጣች። ማን እንደሆነች ግን ቢለምኑኝም አልነግርዎትም።

ፈሳሹ ቀስ በቀስ ጠራ፤ አልቡሚኑም ከፍ ማለት ጀመረ። ቱቦው ሳይነቀል ባለቤቴ እቤቱ ገብቷል። ይህን ስጽፍ እንኳ «ተይ አንቺ ሴት፣ ነገ የምንመለሰው እዚያው ነው» እያለ ይለምነኛል። ፍርሃቱ የሆስፒታልዎን መልካም ስም ይመሰክራል።

ለደረሰብን መስተንግዶ ሁሉ ቃላት ያጠሯት፣ በደጅዎ መመላለስን እንደ ሥራ የያዘች፣ አክባሪዎ
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ተኝቶበት ከነበረው አልጋ አጠገብ አንድ ጠያቂ የሌላቸው አዛውንት ተኝተዋል፤ ፕሮቲናቸው ከእሱም የወረደ ነው። ነገ እሳቸውን ልጠይቅ እመጣለሁ። እባክዎ ለጥበቃው ይንገሩልኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንቁላሉን በእጄ ይዤ ብገባ ለሁላችንም ክብር ነው።