የአፈሩ ቀለም

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ካርዷ ትንሽ ስለሆነች እህቴ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። የእህቴ ጎረቤት ሠዓሊ ናት፤ ቀለም ግን አትገዛም። ከኮረብታው ሥር አፈር ቆፍራ ታመጣለች፣ ወቅጣ በወንፊት ትነፋለች፣ በዛፍ ሙጫ ለውሳ ትስልበታለች። እኛ ከጫማችን የምናራግፈውን እሷ በጠርሙስ በጠርሙስ አድርጋ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላም አለ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ትናንት አንዱን ለውሳ በሳህን አቀረበችልኝና "በጣትዎ ይሞክሩት" አለችኝ። ልጄን ከቀበርን ወዲህ አፈር በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ የበረንዳዬን አበባ እንኳ የምትኮተኩቺልኝ አንቺ ነሽ። እምቢ አልኳት። እሷ ይህን ሳታውቅ፣ እስከ ክርኗ በአፈር እንደተለወሰች፣ "አፈር ስሆን እማማ፣ አንዴ ብቻ" ብላ ለመነችኝ።

"አንቺማ ሆነሽ የለ እንዴ" አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ፣ ከዚያ እጆቿን አየች፣ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ሳቄ ሳያባራ ጣቴን ነከርኩት። እንደ ቅቤ ልስልስ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ አሰመርኩና እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሲደርቅ እየፈካ ይሄዳል፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ስመለስ ልጄ መቃብር ድረስ አብረሽኝ ሂጂ። የቀበርናት ቀን ዓይኔ ምንም አላየም፤ የመቃብሯ አፈር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ማየት እፈልጋለሁ።