ከክሬኑ ጋቢና ያልወረዱት እናታችን

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር በነበረች ጠባብ ቤት ተወለዱ። በልጅነታቸው ከመሬት ይልቅ ጣሪያ ላይ ይገኙ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ «ወፊት» ይላቸው ነበር፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የከባድ ማሽን ሙያ ተማሩ፤ ከክፍላቸውም ብቸኛዋ ሴት ሆነው ተመረቁ።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት በክሬን ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። ሥራ በጀመሩበት ዕለት ፎርማኑ ከእግር እስከ ራሳቸው አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ላይ ወጥተሽ ስታለቅሺ ማን ሊያወርድሽ ነው?» አሏቸው። እናታችንም «ስጨርስ ራሴ እወርዳለሁ» ብለው መሰላሉን ጨበጡ። ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምላሳቸው ግን ዕረፍት አያውቅም። ጠዋት ማታ በእጅ ሬዲዮው «ወፊት፣ አትችይውም፤ ተይው፣ ውረጂ» ማለት ልማዳቸው ሆነ፤ ሠራተኛውም ከአፋቸው እየተቀበለ ይስቅ ነበር። እናታችን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቤት ይገቡ እንደነበር፣ ያን ጊዜ እጮኛቸው የነበሩት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባታችን ይመሰክራሉ። «ለምን አትተይውም?» ሲሏቸው፣ «የፈራው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይሏቸው ነበር። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ።

ሴቷ ልጃቸው በተወለደች ዓመት ፎርማኑ በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። እናታችን ቀብራቸው ላይ ተገኝተው ከልባቸው አለቀሱ። በማግስቱ ወደ ጋቢናቸው ወጥተው ገና ሞተሩን ሳያስነሱ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና «ወፊት፣ አትችይውም» አለ። የፎርማኑ ድምፅ ነበር። ከታች ያሉት የቀለዱ መስሏቸው ወርደው ተቆጡ፤ የሁሉም ፊት ግን አመድ መሰለ። ሬዲዮው ተቀየረላቸው፤ በአዲሱም መጣ። አንድ ቀን ባትሪውን አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ባዶው ሬዲዮ በዚያው በተለመደ አነጋገር «ተይው፣ ውረጂ» አላቸው።

እናታችን ባትሪ የሌለው ሬዲዮ እንዳናገራቸው የነገሩት ለአባታችን ብቻ ነው። አባታችን ሥራውን እንዲተዉ ለመኗቸው። እሳቸው ግን «በሕይወት ሳሉም ይሉኝ ነበር፤ ያኔም ሠርቻለሁ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ሲመጣ «እሺ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከሁሉ የከበዳቸው፣ ድምፁ ውሎ ሲያድር የፎርማኑ መሆኑ እየቀረ የራሳቸውን ድምፅ እየመሰለ መምጣቱ ነበር።

የሆስፒታል ሕንፃ በሚሠሩበት ጊዜ፣ በአንድ ማለዳ ከባድ የፌሮ ብረት እስር አንጠልጥለው ሳለ ጉም ወርዶ ከታች ያለውን የሶሌታ ወለል ጋረደባቸው። ወዲያው ከታች ሆኖ ጭነቱን የሚመራላቸው የምልክት ሰጪው ድምፅ በሬዲዮ «አውርጂ፣ ከሥር ማንም የለም» አለ። እናታችን የማውረጃውን እጀታ ያዙ። ምልክት ሰጪው ግን «እትዬ» ሳይል አዝዟቸው አያውቅም፤ ልባቸው ጠረጠረ። «ካላየሁ አላወርድም» አሉ።

«ሰው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው። ፈርተሻል። ከጅምሩም አትችይም ነበር።»

ሬዲዮው ይህን የተናገረው በእናታችን በራሳቸው ድምፅ ነበር። እናታችን ጭነቱን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ። በፎርማኑ ቦታ የተተኩት አዲሱ አለቃ ከግቢው በር ሆነው «ይህቺን ሴት ነገ እዚህ እንዳላያት» እያሉ ሲጮኹ ይሰማ ነበር። ጉሙ ሲገፈፍ ምልክት ሰጪውና አንድ ሌላ ሠራተኛ ልክ ከጭነቱ ሥር ተንበርክከው፣ እግሩ በሽቦ የተያዘ ጓደኛቸውን ሲያላቅቁ ታዩ። የምልክት ሰጪው ሬዲዮ ጉሙ ከመውረዱ በፊት ወድቆ እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

አለቃው መሰላሉ ሥር ቆመው ጠበቋቸው፤ ሲወርዱም ባርኔጣቸውን አወለቁላቸው። ድምፁም ቢሆን አልተዋቸውም። ሆኖም እናታችን እስከ ጡረታቸው ሠሩ፤ በርካታ ወጣቶችንም አሠለጠኑ። ከእነዚህ አንዷ አንድ ቀን ከክሬኗ ወርዳ፣ «እናቴ፣ ሬዲዮው በእኔ ድምፅ ያናግረኛል» አለቻቸው። እናታችን አልደነገጡም። «ስሚው ልጄ፤ ብትመልሺለትም ነውር የለውም። እጅሽን ግን አትስጪው» ብለው መልሰው ሰደዷት።

እናታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ያቺ ተማሪያቸው በዚህ ሰዓት ከእኛ ጋር የለችም፤ ከዚህ በሚታየው ረጅም ክሬን ላይ በሥራ ላይ ናት። «በቀብሬ ቀን ከሥራ እንዳትቀሪ» ብለው አስምለዋት ነበርና።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸጥታ በሰፈነበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን አይንፈገን።