የአውድማውን ነፋስ ያምኑ የነበሩት መሪጌታ ገብረ ማርያም ይርዳው

መሪጌታ ገብረ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ምንተስኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታንጉት ደስታ፣ በስማዳ ከወገዳ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከአጎታቸው ዘንድ ቆጥረው፣ ዜማውን እስቴ ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. ወደ ላይ ጋይንት መጥተው ከወይዘሮ ካሣነሽ ገብሬ ጋር በተክሊል ተጋቡ፤ መምህርት ውብነሽንም ወለዱ።

በደብራችን በኪዳነ ምሕረት እስከ ዕለተ ሞታቸው አገለገሉ። ድምፃቸው ልብ ይመስጥ ነበር፤ ቁጣቸውን ግን አያድርስ ነው! እርሻም ያርሱ ስለነበር፣ በበጋ ደረቁ ነፋስ መቼ እንደሚነሣ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም ይባል ነበር። ገበሬው ሁሉ «የንታ ምን አሉ?» ሳይል አውድማ አይለቀልቅም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ገብሱ ተወቅቶ ሳለ ፍሬውን ከገለባው ለይቶ የሚያዘራው ነፋስ ቀረ። ሰው ከነገለባው ላስገባ ቢል፣ «ነፋሱ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ጠብቁ» አሉ። ጠበቁ። በነፋሱ ፈንታ ዝናብ መጣና ገብሱ አውድማው ላይ በቀለ። አቤት የዚያን ጊዜ! ጎረቤታቸው አቶ ደሳለኝ ልጆቻቸውን ለመመገብ በሬ ሸጡ።

ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር ማለት አቃታቸው። በንፋስ መውጫ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩት ልጃቸው፣ ዓለም ስትሞቅ ባሕሩም አብሮ እየሞቀ፣ የበጋው ነፋስ አመሉ እየተለወጠ መሆኑን፣ በደከመበት ዓመትም እርጥብ አየር እንደሚገባ ቢያስረዷቸው፣ «ነፋሱስ ይለወጥ፤ ጠብቁ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ እንጂ አልተጽናኑም።

ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ልጃቸው በስልክ የነገሯቸውን የአየር ትንበያ ለሕዝቡ ያሰሙና፣ «እኔ አላውቅም፤ ብቻ ሸራ አዘጋጁ» ይሉ ነበር። እንደ እሳቸው ላለ ኩሩ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም።

ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፉ። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ የሚጠይቁት ስለ ሰው አውድማ ነበር። የራሳቸው ገብስ ሳይወቃ ተከምሮ ቀርቶ ነበር። ትናንት ሞታቸው እንደተሰማ ሰማዩ ደመነ። አስከሬን ባልወጣበት ሥራ ነውር መሆኑን እያወቁ፣ አቶ ደሳለኝ ደቦ ጠሩ። ክምሩን አፍርሰው ወቁት፤ ነፋስም ሳይጠብቁ ከነገለባው አስገቡት። ዛሬ በብዙዎቻችሁ ነጠላ ላይ የሚታየው ገለባ የዚያ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን እግዚአብሔር ያጽናልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። የንታ፣ ገብስዎ ገብቷል፤ እንግዲህ እርስዎም ይረፉ።