የእናትሽ አፍንጫና ዳማከሴው

መርሳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍሬሰላም፣ ፍሬዋ፣ የቤታችን ድምቀት፦

እንዴት ነሽልኝ? ጅማ ዝናቡ ተወልሽ ወይስ አሁንም በጃንጥላ ነው ሥራ የምትገቢው? ይህን ደብዳቤ በላክንልሽ በርበሬ መሀል የሸጎጥኩት ወድጄ አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ካጠገቤ አትጠፋም፤ ገና ሄሎ ሳልል «ድምፁን ከፍ አድርገው» ትላለች። ካስነጠሰሽ ይማርሽ።

አንድ የደበቅንሽ ነገር ነበር። ክረምት ላይ ያ ክፉ ጉንፋን ሲለቃት ማሽተት አብሮ ሄደባት። ቅቤ በይው፣ ጭስ በይው፣ ምንም! «ለፍሬ እንዳትነግራት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብላ አስማለችኝ።

ታውቂያት የለ፣ ምች የመታው ሁሉ «አማከለችን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ዳማከሴውን ቀጠፍ፣ በመዳፏ አሸት፣ አንዴ ሳብ ስታደርገው ትለየዋለች። አፍንጫዋ እምቢ ካለ ወዲህ ግን «የማላውቀውን ቅጠል ሰው ላይ አልጨምቅም» ብላ ቅጠል ልትቀጥፍ ተራራ መውጣቷን ተወች። ሰው ሲመጣ «አሞኛል» ትላለች። ቁጭ ብላ ግድግዳ ስታይ አንጀቴን በላችው።

መጀመሪያ «እኔ አፍንጫ ልሁንልሽ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። አንዱን ቀጥፌ አሸተትኩና «ይሄው! እንዴት ይሸታል መሰለሽ!» ብላት፣ «አማረ፣ እሱ እኮ የወፍ ቆሎ ነው፤ ሰው ልትገድል ነው?» አለችኝ። አልሳቀችም እንኳ። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣ አለች።

ሠላሳ ዓመት ተማሪ የውሸት ሲታመም እያየሁ የኖርኩ መምህር ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ እንደተመለስኩ «ምች መታኝ!» ብዬ ተጋደምኩ። ጋቢ ተከናነብኩ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ አቃሰትኩ። ግንባሬን ዳሰሰች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዳማከሴ ታቅፋ ተመለሰች። «በምን ለየሽው?» አልኳት ከጋቢው ውስጥ።

«የወፍ ቆሎ ቅጠሉ ይሻክራል፣ ግንዱም ይቧጭራል። ይሄ ለስላሳ ነው። እጄ መቼ ታመመ?»

ጨምቃ አፍንጫዬ ውስጥ ጠብ ስታደርገው፣ ወይኔ ፍሬዋ፣ አንጎሌ ድረስ ዘለቀ! በላይ በላዩ አስነጠሰኝ፣ እንባዬ ወረደ። ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱን መዳፎቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አማረ… ሸተተኝ» አለች። «ትንሽ ናት፣ ግን ሸተተኝ!»

እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤታችን አለሚቱ እጇ ሳሙና እንደሆነ ሮጣ መጥታ «ፍሬሰላም መጣች እንዴ?» አለች።

«እሷማ ትመጣለች፤ አሁን የመጣው አፍንጫዬ ነው!» አለቻት። ተቃቅፈው ሲስቁ እኔም በሽታዬን ረስቼ ብድግ አልኩ።

አለሚቱ ስትሄድ እናትሽ ዞር ብላ «ትኩሳት የሌለው ምች አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ክው አልኩ።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

«ዳማከሴውን እንደማገኘው ባታምን ኖሮ ይሄን በሽታ ትመርጥ ነበር?»

ደስታዬ አላስተኛኝ ብሎ ይኸው ለአንቺ እጽፋለሁ። ከበርበሬው ጋር ያለው የደረቀ ዳማከሴ እሷ የቀጠፈችው ነው፤ አሽትቺው።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ብቻ ለገና አውቶብሱ ውርጌሳን ሲያልፍ ደውይልን፤ እናትሽና እኔ መናኸሪያው በር ላይ እንቆማለን። እስከዚያው የገባሽበት ቤት ሁሉ የእናት ቤት ይሁንልሽ፣ ጤና ከደጅሽ አይራቅ።

ያልታመመው አባትሽ፣
አማረ