የሰማያዊው ዘንቢል ተራ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለጠያቂዋ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። መጽሐፍሽ ደርሶኛል። ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ከበድ ያለውን ቃል እየፈታልኝ በሃያ ቀን ጨረስኩት። መገረሜ እስካሁን አልለቀቀኝም። የዳቦ ቤቱን፣ የአውቶቡሱን፣ የፍርድ ቤቱን ሰልፍ ስታጠኚ ኖረሽ ይኸው የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ተባልሽ። «ሰልፍ ማየት ደግሞ ምን ሥራ ነው?» እያልኩ ሳሾፍብሽ የነበርኩት ሰውዬ ምላሴን በቆረጠው። ሠላሳ ዓመት የክሊኒክ በር ስጠብቅ እኔ ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። አንቺ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ማንም ያልጻፈው፣ ዳኛ የማይፈርድበት ሕግ አየሽ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን እህል አላስበላኝም። ከትምህርት ቤት መልስ ክሊኒኩ በር እኔ ዘንድ ስትውዪ ያየሽውን ጽፈሻል፤ አንዲት ሴት ሰማያዊ ዘንቢሏን ተራ አስይዛ ስትሄድ፣ ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘንቢሉም ወደ ፊት ይሄድ እንደነበር። «ሰው የማያውቀውን ሰው ተራ ይጠብቃል» የሚለው ሐሳብሽ የተወለደው ያኔ ነው። መምህሩ «የሥራዋ ሁሉ መሠረት ይኼ ነው እኮ» ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ።

ልጄ፣ ዘንቢሉን የገፋሁት እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን «አባዬ፣ ሴትዮዋ የለችም፤ ማን ይገፋላታል?» አልሽኝ። «ሰው ይገፋላታል» አልኩሽ። የመጀመሪያው ሰው ዘሎት ሲያልፍ አላስቻለኝም። ውሸታም እንዳልሆንብሽ፣ ደብተርሽ ላይ ባቀረቀርሽ ቁጥር በእግሬ ገፋ አደርገው ጀመርኩ። ልጅ ማባበሌ ነው ብዬ እንጂ ፕሮፌሰርነት ይቆምበታል ብዬ መች አሰብኩ።

መጽሐፉን ጨርሼም ሦስት ቀን ስብሰለሰል ሰንብቼ ትናንት ያንኑ የመሰለ ዘንቢል ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሰልፉ ጫፍ አስቀመጥኩትና ከመንገዱ ማዶ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ሰብስቤ። አንድ ባለ ቱታ ዘሎት አለፈ። ከኋላው የነበረችው ነፍሰ ጡር ግን በእግሯ ገፋችው። ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ቀጥሎ ሌላ። አንዱ ገብቶ ሊቆም ሲል «ተው፣ ሰው አለው» አሉት። ማን እንደሆንኩ አያውቁም እኮ ልጄ። ዝናብ ሲያካፋ አንዷ ፌስታል አለበሰችው። ለካ ያኔም የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ብታገሥ ሰው ይገፋው ነበር። አንቺ በልጅነትሽ ያመንሽውን እኔ በእርጅናዬ አየሁት፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ምዕራፉን እንደ ፈለግሽ አርሚው። «ዘበኛው ገፋው» ብትዪም አልቀየምሽም።

ዘንቢሉ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ባለቤቱ የት አለ?» እያሉ ሲጣሩ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ካርድ የምታወጣው ልጅ «ምንዎን ነው ያመመዎት፣ አባባ?» አለችኝ። ልጄ ናፍቃኝ ነው ማለት አፈርኩና፣ ጉልበቴን አልኳት።

በሄድሽበት ሁሉ ተራሽን የሚጠብቅልሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ፣
የበሩ ዘበኛ