ጠረጴዛህን አንድጄዋለሁ

ለልጄ አባት፣ ለካሴ፤

በሽታው አንተን ከነጠቀኝ ሦስት ክረምት አለፈ። ታመህ በገባንባት ቀዬህ፣ ፃግብጂ፣ ቀብሬህ ስመለስ እዚያው አጠገብህ የማረጅ መስሎኝ ነበር። አልሆነም፤ ጦርነቱ አፈናቀለን። አሁን ሰቆጣ ነኝ፤ ያውም የት መሰለህ? አያቶቻችን ድንጋይ ተሸክመው በሠሩት በአሮጌው ትምህርት ቤት፣ አንተ አስራ አንድ ዓመት ባስተማርክበት ክፍል ውስጥ።

አምስት ቤተሰብ ነን፤ የሚለየን ሸራና ነጠላ ነው። እኔና ትርንጎ ከሰሌዳው ሥር እንተኛለን። ክፍሉ ሁሉ በተፈናቃይ ስለተያዘ ትምህርት የለም። ልጅህ ትምህርት ቤት ውስጥ እየኖረች ከትምህርት ከተለየች ሁለት ዓመቷ።

ካሴ፣ የምነግርህ ነገር አለ። ጠረጴዛህን አንድጄዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ለምለም የምትባል የእኛዋ ዝቋላ ልጅ አጠገባችን ወለደች። ደም አልቆም አላት። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጥኛ እናቷን እየጠራች ትንቀጠቀጣለች። ወንዶቹ ቃሬዛ ፍለጋ በዝናብ ሮጡ። እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ያዋለዷት አሮጊት «ኧረ ውሃ አሙቁ! ሴትዮዋ በብርድ አለቀች!» ብለው ጮሁ። ሴቶቹ ጠረጴዛውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ተማሪ ጫር ቢያደርገው እንዴት ትቆጣ እንደነበር አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ላይ ነበር ፊደል ያስቆጠርከኝ። ትልቅ ሴት ሆኜ «ሀ ሁ» ስል ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ስቀንስ፣ «ጩኺ እንጂ፣ ምን ሰረቅሽ?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያኔ ባስቆጠርከኝ ፊደል ነው።

መጥረቢያውን ለማንም አልሰጠሁም፤ ራሴ ፈለጥኩት። ጽድ ስለሆነ ቶሎ ነደደ። አጥሚት አፈላንላት፣ ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። ቃሬዛው ሲደርስ ግን አልፋ ነበር።

ሕፃኗ አለች፤ እኔ ጋ ናት። የፍየል ወተት ሲገኝ አጠጣታለሁ፤ ሲጠፋ ስኳር በውሃ። እሱም ሲጠፋ አብሬያት አለቅሳለሁ። ክብደቷ እየቀነሰ ነው፤ ሳቅፋት አይታወቀኝም።

ትርንጎ በማግስቱ «እማዬ፣ ትምህርት ሲከፈት መምህሩ የት ይቀመጣል?» አለችኝ።  ይከፈታል ብላ ማሰቧ ነው ያንገበገበኝ።

ተቆጣኝ ካሴ፤ ሌላ የሚቆጣኝ ሰው የለኝም። ተስካርህን አላወጣሁም፤ መቃብርህንም ሣር ውጦት ይሆናል። የምችለው አንድ ነገር ነው፤ በየወሩ በመድኃኔዓለም ዕለት ስምህን በጸሎት እንዲጠራ ለቄሱ እሰጣለሁ። አሁን ከስምህ ቀጥዬ የለምለምን እሰጣለሁ፤ የሚያስጠራላት ዘመድ አልመጣም። እኔ ካልጠራኋችሁ ማን ይጠራችኋል? እስትንፋሴ እስካለ እጠራችኋለሁ።

ባለቤትህ