«እርስዎ ይቅደሙ» በጨፋ ሰማይ

ሰኞ

ላሞቹን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ አባረርኩ። የጨፋ ላም አውሮፕላን አትፈራም። ሣሩ የሷ ነው፣ እንግዳው አውሮፕላኑ ነው። የኔ ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ላም ማባረር፣ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በሬዲዮ መናገር፣ ከዚያ ዝም ማለት። «አብራሪን ማዘዝ ያንቺ ሥራ አይደለም» ተብዬ ነው የተቀጠርኩት።

አንበጣ ሊረጩ የመጡ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉን። ቢጫው አሮጌና ቀርፋፋ ነው፤ የሚያበሩት ጋሽ ተሾመ ናቸው። ነጩ ፈጣን ነው፤ የኑረዲን ነው። ኑረዲንን ማብረር ያስተማሩት ጋሽ ተሾመ ራሳቸው ናቸው። ማማ የለ፣ ተቆጣጣሪ የለ፣ በሬዲዮ ተነጋግረው ነው ሜዳው ላይ የሚያርፉት። ጋሽ ተሾመ ሕጉን በእንጨት መሬት ላይ ሥለው አስረዱኝ። ሁለቱም ሜዳውን በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ፈጣኑ ዙሩን ሰፋ ያደርጋል፣ ለማረፍ ዝቅ ያለው ይቀድማል። «እዚህ ዕድሜ የለም፣ ማዕረግ የለም» አሉኝ።

ቀላል ነው አልኩ። የዋህ ነኝ።

ማክሰኞ

አንበጣ ጠዋት በብርድ ደንዝዞ ይቆያል። ሦስት ሰዓት ግድም ፀሐይ ሲሞቀው ይነሳል፣ ከተነሳ ደግሞ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ ያለን ጊዜ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለቱም መድኃኒት ጨርሰው ለመሙላት እኩል ተመለሱ። ኑረዲን ዝቅ ብሏል፣ ጎማው ሣሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከኋላው የጋሽ ተሾመን ድምፅ ሲሰማ ግን ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ!

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ዝቅ ያልከው አንተ ነህ፣ ግባ እንጂ።»

«ኧረ በአላህ! ከእርስዎ ፊትማ አልገባም።»

«እኔ ቀርፋፋ ነኝ ልጄ። ከኋላዬ ምን ትሠራለህ? ግባ!»

እሳቸውም ቦታ ሊለቁለት ከፍ አሉ። ሁለቱም ዞሩ። ደግሞ ዞሩ። ሜዳው ባዶውን ሲቀር ላሞቹ ገቡበት። እኔ ሬዲዮውን ጨብጬ «ንፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አርፈው፣ ሞልተው ሲነሱ አንበጣው ሄዷል።

በኋላ ኑረዲንን ተቆጣሁት። «ከመምህሬ ፊት ቆርጬ ልግባ? ያሳደገችኝ እናቴ ምን ትለኛለች?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እኛ አገር ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ ቅደም ቅደም ሲባባል ወጡ ይቀዘቅዛል፣ አውቃለሁ። በር ላይ ግን የሚቀዘቅዘው ወጥ ብቻ ነው።

ረቡዕ

እናቴ ደወለች። ከኋላዋ ጣሳ ይንኳኳል፣ ጅራፍ ይጮኻል።

«ያ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ አንበጣው መጣ! ማሽላው ላይ ሰፈረ! ያ ረቢ!»

ማሳዋ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ማሽላው ገና እሸት ነው። ያ ማሽላ የዓመት ቀለቧ ነው፤ ሌላ የላትም። ለርጭቱ አስተባባሪ ሮጬ ነገርኩት። ለነገ መጀመሪያ አድርጎ ጻፈልኝ፤ መንጋው ሰፊ ስለሆነ ግን ሁለት ዙር ርጭት ይፈልጋል አለ። ሁለት ዙር ማለት በመካከሉ ማረፍ ማለት ነው።

ነገ የሚያሰጋኝ፦ ጉም። ላም። ንፋስ። ትሕትና።

ነገ ቅደም ቅደም እንዳይባባሉ ጋሽ ተሾመን ለመንኳቸው። «አይዞሽ፣ ነገ እሱን አስቀድመዋለሁ» አሉኝ። ቃል ገቡልኝ።

ሐሙስ

የመጀመሪያው ዙር ተሳካ። ጉም አልነበረም። ላሞቹን ገና ሳይነጋጋ አርቄ ነበር።

ሲመለሱ ዝቅ ያሉት ጋሽ ተሾመ ነበሩ። ተራው የሳቸው ነበር! እሳቸው ግን ቃላቸውን ሊጠብቁልኝ ከፍ አሉ። «ኑረዲን፣ ዛሬ አንተ ቅደም፣ ቃል ገብቻለሁ።» «ኧረ እንዴት ይሆናል ጋሼ፣ ወርደው ሳሉ!» እኔው ነኝ ነገሩን ያበላሸሁት።

አውራ ጣቴ ሬዲዮው ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይረፉ በቃ!» የሚለው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። ደግሞስ ተሳስቼ ባጋጫቸው? እኔ ማን ነኝ? ንፋሱን ተናገርኩ። ዞሩ። ንፋሱን ተናገርኩ። ሦስተኛ ጊዜም ንፋሱን ተናገርኩ። ሁለተኛው መድኃኒት እየተሞላ ሳለ በወንዙ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆነ። አንበጣው ተነሳ።

ከሰዓት እናቴ ዘንድ ሄድኩ። በወንዙ በኩል፣ ሁለተኛው ርጭት ያልደረሰለት ማሽላ አገዳው ብቻ ቆሟል። በመንገዱ በኩል ያለው ተርፏል፤ ግማሽ አይሞላም። እናቴ አላለቀሰችም። «ከዚህ ሆኜ አየኋቸው፣ እንደ ጭልፊት ይዞራሉ። ለምን አይወርዱም?» አለችኝ።

«ንፋስ ነው እማዬ» አልኳት።

ዋሸኋት።

ዓርብ

መንጋው ወደ ሰንበቴ ከተማ አካባቢ አልፏል አሉ። ዛሬ በረራ አልነበረም።

ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ተሾመና ኑረዲን እናቴን ሊያጽናኑ መጡ። እናቴ ምንጣፍ አነጠፈች። «ኮታ፣ ግቡ እንጂ» አለች።

ኑረዲን በሩ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

«ግባ ልጄ፣ ግባ።»

«ኧረ በአላህ...»

እናቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች አየቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ንፋስ ያልሽኝ ይሄ ነው?»

ሁለቱም ሰሙ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ጋሽ ተሾመ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኑረዲን አንገቱን ደፍቶ ቀድሞ ገባ። ጋሽ ተሾመ ተከተሉት።

ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰንበቴ አካባቢ ይረጫሉ። እዚያም የሰው ማሽላ አለ። ሬዲዮው ዛሬ ከኔ ጋር ያድራል፤ ባትሪው ሙሉ ነው። ነገ ንፋስ ብቻ አልናገርበትም።